በቆመ ሰው ጆሮ ልክ

ደረጄ ሆም ቴአትሩን ለማስገጠም የተነሣው የልጁ የሀሴት አርባ ሳይወጣ ነበር።

ቡታጅራ ገበያ አጠገብ ቴሌቪዥን የሚጠግነው ጎረቤቱ ከማሉ ለምን እንደተጠራ ሲሰማ ደነገጠ። እምቢ ማለት ግን አልቻለም። ገመዶቹን ይዞ መጣ።

የሆም ቴአትሩን ካርቶን ያውቀዋል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ደረጄ ጋምቤላ መንገድ ሥራ ላይ ገልባጭ መኪና ይነዳ ነበር። ኔትወርክ በሌለበት ሰንብቶ፣ ልጄ ሀሴት ካርቱን ታይበታለች ብሎ የገዛውን ዕቃ ባጃጅ ላይ ጭኖ እየሳቀ ሲመጣ፣ ደጁ ላይ የለቅሶ ድንኳን ጠበቀው። ልጅቷ በትኩሳት ሞታ ተቀብራለች።

ሚስቱ ምሥራቅ ካርቶኑን የዚያኑ ቀን አልጋ ሥር ከተተችው። ዛሬ ሲወጣ ስታይ ለከማሉ ሰላምታ እንኳ አልሰጠችም።

«ይሄ ዕቃ በዚህ ቤት ትንፍሽ ቢል» አለች ባሏን፣ «ጉንችሬ እናቴ ጋ እሄዳለሁ። አልመለስም።»

ደረጄ ካርቶኑን ከፈተ። እሷ ወደ ጓዳ ገባች።

ከማሉ ቢጫውን የምስል ገመድ ከዲስክ ማጫወቻው ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ቀዩንና ነጩን የድምፅ ገመድ ወደ ማጉያው፣ ወደ ሪሲቨሩ ሰካ።

«አላህ ያጽናችሁ ብዬ የወጣሁበት ቤት ነው እኮ ደሬ» አለ እንዳጎነበሰ። «ትንሽ ብትታገሥ ምን ነበረበት?»

«ከኋላም ይሰማል?»

«ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሁለት ስፒከር ነው። መሃል ስትሆን ዙሪያህን ይከብሃል። ምንድን ነው ፊልሙ? ጦርነት?»

«ሰው የበዛበት ነው።»

«ተከራይተህ ነው?»

«አስቀድቼ።»

ዲስኩ በነጭ ወረቀት ተጠቅልሏል። ምንም አልተጻፈበትም። ከማሉ አየት አድርጎት ራሱን ነቀነቀ። እኔ አፈር የመለስኩላትን ልጅ አባቷ በፊልም ሊረሳት ነው፣ ብሎ አሰበ።

«በል ወንበርህን እዚህ አድርጋት።»

«ቆሜ ነው።»

«ፊልም ቆመህ? አውቶብስ ነው እንዴ?»

«ይልቅ የኋለኞቹን ከፍ አድርጋቸው።»

ከማሉ በቆመ ሰው ጆሮ ልክ ሚስማር መትቶ ሰቀላቸው። ከዚያ ሪሲቨሩን ነካካ።

«እነዚህ ገመዶች ከፊቶቹ ሁለቱን ብቻ ነው የሚያናግሩት። አምስቱም እንዲናገሩ አድርጌዋለሁ። ወላሂ፣ ሰፈሩ ይሰማሃል። አታፍርም?»

«አፍራለሁ» አለ ደረጄ።

ጫማውን አጠለቀ። ጋቢውን ደረበ። ዲስኩን አስገብቶ ክፍሉ መሃል ቆመ።

ምሥራቅ ነጠላዋን ለብሳ ከጓዳ ወጣች። ማንንም ሳታይ አልፋ የውጩን በር ከፈተች።

«ደሬ ተው!» አለ ከማሉ። «ሚስትህ ሄደች እኮ! ለፊልም ብለህ?»

ደረጄ ማስጀመሪያውን ተጫነ።

ሀሴት ስትቀበር የተቀረጸው የቄሱ ፍትሐት፣ የሴቶቹ ሙሾ፣ ሣጥን ላይ የሚወድቅ አፈር፣ የከማሉ የራሱ ለቅሶ ከአምስቱም ስፒከር ወጥቶ ቤቱን ሞላው፤ ምሥራቅ በሩን ትታ ተመለሰች፤ ከደረጄ ጎን ቆማ «መጣህ?» አለችው።