ክር የሌለው መኪና

ሚስት ዓይኗን ስትገልጥ ነግቷል፤ ከወዲያኛው ክፍል ግን የስፌት መኪናው ድምፅ አሁንም ይሰማ ነበር። ልጃቸው ከተወለደች ወዲህ የህፃን ለቅሶ ሳይቀሰቅሳት ስታድር የመጀመሪያዋ ነው። "ይሄ ሰውዬ በእንቅልፍ ልቡ የሰው ልብስ አበላሽቶ ሊያስጮህብን ነው" እያለች በባዶ እግሯ ብቅ አለች።

መኪናው ላይ ጨርቅ አልነበረም። መርፌው ክር እንኳ ሳይገባለት ባዶውን ይወጣል፣ ይወርዳል። ልብስ ሰፊው ባሏ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል፤ እግሩ ብቻ ፔዳሉን ይረግጣል። አጠገቡ፣ የቁርጥራጭ ጨርቅ ቅርጫት ውስጥ፣ ቢያዝሏት ቢያባብሏት አሻፈረኝ ስትል የከረመችው ጉደኛ እጆቿን ወዲያና ወዲህ ጥላ ለጥ ብላለች።

ሳቋ መጣ፤ አንጀቷንም በላት። ጎንበስ ብላ እግሩን ቀስ አድርጋ ከፔዳሉ ላይ አነሳችው። መኪናው ቆመ። ትንፋሿን ውጣ ቅርጫቱን አየች፤ ህፃኗ ንቅንቅ አላለችም።

ባሏ ግን በርግጎ ቀና አለ። "ምን ሆነች?"

"ምንም አልሆነች። ተኝታልሃለች፤ በል አንተም ግባና ተኛ።"

"ኧረ መኪናው ከቆመማ ትነቃለች!" አለና ዓይኑን ሳይገልጥ በእግሩ ፔዳሉን ይፈልግ ጀመር።

እሷ ቀደመችው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተጠግታው ተቀመጠችና መርገጥ ጀመረች። ወዲያው ራሱን ትከሻዋ ላይ ጥሎ አንኮራፋ። እስቲ ብላ እግሯን አነሳች። ህፃኗ እንደተኛች ናት፤ የባሏ ፊት ግን ሊያለቅስ እንደሚል ልጅ ተኮሳተረ።

"እሺ፣ እሺ፣ እሹሩሩ" አለችው በሹክሹክታ፤ እግሯንም መለሰች።