የሀይሚ እስክሪብቶ

ሉላ «እንትን» ባለች ቁጥር ጓደኛዋ ሀይሚ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶዋ ኳ ታደርገው ነበር። «አንቺ፣ የእንትን ሱቅ ልትከፍቺ ነው እንዴ?» እያለች ትስቅባት ነበር። የኮሌጁ ላይብረሪ ውስጥ ያለችውን የንግግር መለማመጃ ክፍል ከእነሱ ሌላ የሚፈልጋት አልነበረም።

ነገ የሀይሚ አርባ ነው። በተማሪው ሁሉ ፊት የምትሰናበታት ሉላ ናት። ዛሬ ብቻዋን ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችና ንግግሯን በስልኳ ቀዳች፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አዳመጠችው።

«ሀይሚ፣ እንትን…»

ኳ።

ሉላ እጇን አየች፤ ባዶ ነው። ሁለተኛው «እንትን» ላይም ኳ አለ። እንባዋ እየወረደ ሳቀች።

«እሺ በቃ፣ አስተካክላለሁ!»

የመጨረሻው መስመር ላይ አንድም እንትን የለም። «ቻው ሀይሚዬ» ይላል።

ኳ።

ስልኩን አጠፋችው።

«ቻው ማለት አለብኝኮ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ጠረጴዛው ኳ አለ።