መጋዘን የተባለው ቤት

የከተማው የአደገኛ ቆሻሻ ማከማቻ ሞልቶ ከተረፈ ወዲህ ሕጉ ተለወጠና ያረጀ ባትሪና አሲድ በበርሜል እየታሸገ በየኮንዶሚኒየሙ ምድር ቤት ይከማች ጀመር። በርሜል የገባበት ሕንፃ መኖሪያ መሆኑ ይቀርና አደገኛ መጋዘን ተብሎ ይመደባል። ሰው ቢኖርበትም ያው ነው።

ሶስና ሦስተኛ ፎቅ ላይ ልጇን እያጠባች ሳለ የመጋዘኖቹ ተቆጣጣሪ አቶ ደምሰው ሁለት ሰዎች አስከትሎ ገባና የሕፃኑን አልጋ አስነሳ።

«አልጋው ምን አደረገ?»

«መጋዘን ውስጥ መተኛት ክልክል ነው፣ እህቴ። ለደኅንነታችሁ ነው።»

«ለደኅንነታችን ከሆነ በርሜሉን አያወጡልንም?»

«በርሜሉ ፈቃድ አለው።»

ሶስና ልጇን አዘለችና ፍራሿን እየጎተተች ደረጃውን ወረደች።

«ወዴት ነው ልጄ?» አሏት ጎረቤቷ እትዬ ዘነቡ ከበራቸው ብቅ ብለው።

«ልተኛ ነዋ! ቤቴን መጋዘን ነው አሉኝ።»

አዲስ በርሜል የጫነ መኪና ግቢው በር ላይ ደርሶ ነበር። ሶስና ፍራሹን ከመኪናው ፊት ዘረጋችና ልጇን አቅፋ ተጋደመች። ሹፌሩ ጥሩምባውን አስጮኸው፤ ንቅንቅ አላለችም። እትዬ ዘነቡ ብርድ ልብሳቸውን ይዘው መጥተው ከጎኗ ተኙ። ጎረቤቱም ፍራሹን እየተሸከመ ተከተላቸው።

አቶ ደምሰው እየሮጠ ወረደ። «ምን ቆመህ ታያለህ? ግባ!» ብሎ በሹፌሩ ላይ ጮኸበት።

ሹፌሩ ሕፃኑን አየው። ሞተሩን አጠፋና ወርዶ ቁልፉን በአቶ ደምሰው መዳፍ ላይ አስቀመጠ።

«ከቻሉ እርስዎ ይንዱት።»