ሰኞ ጠዋት የተናገሩ ሰዎች

ነገሩ ከሆነ ቆይቷል፤ ማን ከማን ቀድሞ እንደሄደ ልሳሳት እችላለሁ። ከሰማሁት ላይ ግን አልጨመርኩም።

ለብስኩት ፋብሪካው አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣለት። ጎልማሳ ነው፤ ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ንግግሩ የማያልቅ። በመጣ በሳምንቱ በየግድግዳው ወረቀት አስለጠፈ፦ «ጥሩ መሪ ያዳምጣል»፣ «ቢሮዬ ለሁሉም ክፍት ነው»። የሽንት ቤቱ በር እንኳ አልቀረም፤ እሱም ላይ «እንነጋገር» የሚል ተለጠፈበት።

ባለምድጃው ይህን ሲያይ ስጋት ገባው። ሃያ ሰባት ዓመት እዚያ እሳት ፊት ቆሟል። ለጡረታ የቀረው ሦስት ዓመት ነው። ያለ ምክንያት የሚስቅ አለቃ ደግሞ አይወድም።

ሰኞ ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ደብተሩን ገልጦ፣ «የሚያስቸግራችሁን ንገሩኝ፤ እኔ ጆሮ ነኝ» ይላል። ሠራተኛው ጣራ ጣራውን ያያል።

«ጆሮ ብቻ ከሆነማ ማን ሊያስተዳድረን ነው?» አለ ምላጭ፣ ወደ ባለምድጃው ጠጋ ብሎ። ምላጭ ብስኩት አሻጊ ነው፤ ስሙን ያወጣለት አንደበቱ ነው።

መጀመሪያ የተናገረችው ሊጥ አቡኪዋ ናት። «ማሽኑ መከለያ የለውም። አምና የአንዷን ጣት ወስዷል። እርስዎም ወረቀት ከሚያስለጥፉ ብረት ቢያስበይዱልን ይሻል ነበር።»

ሥራ አስኪያጁ ስሟን ጻፈና «በጣም አመሰግናለሁ» አላት። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተጠራች። ስትወጣ ዓይኗን በሽርጧ ጫፍ ትጠርግ ነበር። ማንንም ቀና ብላ ሳታይ ዕቃዋን ሰብስባ በፋብሪካው ፒካፕ ሄደች። ማክሰኞ ቦታዋ ባዶውን ዋለ። ሥራ አስኪያጁ የት እንደሄደች አልተናገረም፤ የጠየቀውም የለም።

«አፏ በላት» አለ ባለምድጃው ማታ ለሚስቱ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሦስት ዓመት ናት የቀረችህ! አደራህን፣ አፍህን ያዝ!»

ምላጭ ግን መያዝ አልሆነለትም። «ጌታዬ፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ እንነጋገር እያሉ ብቻዎን አወሩ» አለ በስብሰባው ላይ። «ካርቶኑ እርጥብ ነው፤ ብስኩቱ ሱቅ ሳይደርስ ይሻግታል። እርስዎ ስለ ፈገግታ ያስተምሩናል።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። ጻፈ። ከምሳ በኋላ ያው ፒካፕ ምላጭንም ወሰደው። ብዙም ሳይቆይ ሚስቱና ልጆቹ ቤቱን ለቀው መሄዳቸው ተሰማ።

«ምስኪኖች፣ የኪራይ ቢያጡ ነው» ተባለ።

እንዲህ እንዲህ እያለ አምስት ሰው ሄደ። ፋብሪካው ውስጥ የቀረው ሁሉ ምላስ ያለው አይመስልም።

አንድ ቀን ምላጭ ደወለ። ባለምድጃው ስሙን ስልኩ ላይ ሲያይ ግራ ቀኙን ቃኘ። ከተባረረ ሰው ጋር ሲያወራ ቢደረስበትስ? አላነሳም። ሦስቴ ጠራ። ከዚያ ቁጥሩን ከስልኩ አጠፋው። ሌሎቹም ሲደወልላቸው ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ወንድ የሚባል አንድ አልተገኘባቸውም።

በዚያው ሰሞን የምድጃው ኩሽኔታ መጮህ ጀመረ። ብስኩቱን በእሳት ውስጥ የሚያሳልፈው ሰንሰለት የሚዞረው በእሱ ነው። ባለምድጃው ማንም ሳያየው ዘይት ያጠጣዋል፤ ለማንም አይናገርም። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጣ።

«ጋሼ፣ ምድጃው እንዴት ነው?»

«ተመስገን ነው፣ ጌታዬ።»

«የሚጮህ ነገር የሰማሁ መሰለኝ።»

«ነፋሱ ይሆናል።»

ሥራ አስኪያጁ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ቅጠል አይነቃነቅም።

«ሌላ የሚነግሩኝ ነገር የለም?»

«እርስዎ ከመጡማ ወዲህ ሁሉ ሰላም ነው።»

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን እንደያዘ ብዙ ቆመ። ከዚያ ምንም ሳይጽፍ ደብተሩን አጥፎ ሄደ። ባለምድጃው ላቡን ጠረገ። አመለጥኩ አለ።

በወሩ ኩሽኔታው ተሰባበረ፤ ምድጃው ቆመ። የሚጠግን አልመጣም። አንድ ሐሙስ ጠዋት ፋብሪካው መዘጋቱንና የቀረው ሠራተኛ መሰናበቱን የሚገልጽ ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጠፈ። ከሥሩ «ስለ መልካም ተግባቦታችን ከልብ አመሰግናለሁ» ይላል።

ባለምድጃው ጓንቱን አስረክቦ ሲወጣ የፒካፑን ሾፌር አገኘው።

«አይዞዎት፣ ጋሼ።»

«ምን አይዞህ አለው ልጄ? ይህን ሁሉ ጊዜ ምላሴን ነክሼ፣ መጨረሻዬ ከነዚያ ከተባረሩት ጋር አንድ ሆነ።»

ስለ ባለምድጃው ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት የዚያኑ ሐሙስ ወሬ ነው። ሾፌሩም አፉን ከፍቶ አይቶት እንዲህ አለው አሉ፦

«ማን ተባረረ? ሊጥ አቡኪዋም ምላጭም ሥራ አስኪያጁ ሌላ ከተማ በከፈተው አዲስ ፋብሪካ የክፍል አለቆች ናቸው እኮ፣ እኔው ነኝ ያደረስኳቸው፤ የምድጃ ክፍሉ አለቃ ቦታ ብቻ ነው፣ ከዚህ የሚናገር ሰው ይወጣል ተብሎ እስካለፈው ሰኞ ባዶውን የቆየው።»