የፈረሱ ስም

ሰውዬውን እባብ ነድፎት እግሩ እንደ ከሰል ጠቁሮ ደም ሲተፋ፣ ከሞት አፍ የመለሰው ከፈረስ ደም የተቀመመ መድኃኒት ነው። ሲሻለው ገብስ ተሸክሞ ፈረሱን ሊያመሰግን ወደ መድኃኒት ማምረቻው ጋጣ ሄደ።

«ይኸውልህ ወንድሜ፣ ያዳነህ» አለው ጠባቂው። «የእባብ መርዝ ጥቂት ጥቂት እንወጋዋለን፤ ደሙ ማርከሻ ሲያበጅ እንቀዳዋለን። ንቅንቅ አይልም። ግራ ዓይኑን በጅራፍ ያፈሰሰው አንድ ጋሪ ነጂ ነው። እጁ ይቆረጥ።»

«አሜን» አለ ሰውዬው። «ስሙ ማነው?»

«ቁጥር ሰባት።»

ጠባቂው ውሃ ሊያመጣ ዞር ሲል፣ ሰውዬው የፈረሱን አንገት አቅፎ በለሆሳስ «ዳማዬ፣ እኔ ነኝ» አለው።

የፈረሱ ጆሮ ቀጥ አለ።

ጠባቂው ሲመለስ ሰውዬው ደረቱ በኮቴ ተደቁሶ ተዘርሯል። ፈረሱ ደም የነካውን ገብስ ረጋ ብሎ ይበላል።