በሱባ ጫካ የተቀበረው ሣጥን

ሰዎች ከባድ ትዝታቸውን ትንሽ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው ጫካ መቅበር ከጀመሩ ወዲህ፣ ሣጥን ፍለጋ የቤተሰብ መዝናኛ ሆኗል። ያገኘው ይከፍተዋል፤ ትዝታውም ለዘለዓለም የእሱ ይሆናል።

ትርንጎ እሑድ እሑድ ወደ ሱባ ጫካ መሄድ ያስፈራት ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት እሷና ባሏ መልካሙ እዚያ አንድ ሣጥን ቀብረዋል። መቅበራቸውን ያውቃሉ፤ ምን እንደቀበሩ ግን አያውቁም። ቤታቸው ውስጥ ለማን እንደተገዛ ሁለቱም የማያስታውሱት አጭር አልጋ አለ።

ያን እሑድ የስምንት ዓመቷ ልጃቸው ሶልያና መፈለጊያ መሣሪያውን ይዛ በጽዶቹ መሃል ስትሮጥ፣ መሣሪያው ጮኸ።

"ሶሊ! ተይ፣ እንዳትከፍቺው!" ብላ ትርንጎ ተከተለቻት።

ስትደርስ ሣጥኑ ተከፍቷል። ክዳኑ ላይ ያለው የመልካሙ የእጅ ጽሑፍ ነው። ልጅቷ ድርቅ ብላ ቆማ እንባዋ ይወርዳል።

"እማዬ፣ ታላቅ ወንድም ነበረኝ እንዴ?"

መልካሙም እያለከለከ ደረሰ። ባልና ሚስቱ ተያዩ፤ ሁለቱም ምንም ትዝ አላላቸውም።

"ስሙ ማነው?" አለች ትርንጎ።

"ያፌት። ጎርፍ ወሰደው፣ እማዬ። አንቺ ዳር ላይ ቆመሽ እየጠራሽው ነበር።"

ትርንጎ ልጇን እቅፍ አድርጋ ለማልቀስ ሞከረች። እንባው ግን እምቢ አላት፤ የሰማችው የማታውቀው ሰው ልጅ መርዶ ያህል ነበር። ደረቷ ላይ ተለጥፋ የምትንሰቀሰቀው ሶልያና ብቻ ነበረች፤ የእናቷንም የአባቷንም ሐዘን ብቻዋን ተሸክማ።