የአያት አፈሙዝ

ሱለይማን ባለፈው ወር የቀበራቸው አያቱ የተዉለትን የአደን ጠመንጃ ባምባሲ ላለው ጠጋኝ፣ ለደባልቄ ወሰደለት። ደባልቄ ድፍን የብረት ዘንግ በተሰነጠቀው አፈሙዝ ጀርባ ላይ አጋድሞ በሽቦ አሰረና በቀለጠ እርሳስ በየደው።

እርሳሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀዳዳውን እንዳልደፈነው ደባልቄ የሚያረጋግጠው ሁልጊዜ በትንፋሽ ነው። እሱ ከኋላ ይነፋል፤ ባለቤቱ ከፊት መዳፉን ይደቅናል። ወደ አፈሙዝ ግን ፊት አይዞርም።

ሱለይማን ወደ መንገዱ እያየ መዳፉን ደቀነ።

«ወላሂ ጥሩ ይወጣል» አለ። «ትንፋሽህ ግን ይሞቃል፣ ጋሽ ደባልቄ።»

ደባልቄ የሚነፋበትን ጫፍ የሚጠርግበት ጨርቅ ፍለጋ በሩ ጋ ደርሶ ነበር።

«እኔ እኮ ገና አልነፋሁም» አለው።

ሱለይማን መዳፉን ማንሳት አቃተው።

«አሁን ደግሞ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ወደ ውስጥ እየሳበ ነው።»